የፍስኩ ካፕሱል

ምን እንዳዳነኝ ቤታችን ውስጥ እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። እናቴ ጠበሉ ነው ትላለች። አባቴ መድኃኒቱ ነው ይላል፤ መርፌ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ባንድ ቀን ትነሳ ነበር ብሎ ይጨምራል። የአክስቴ ልጅ በበኩሉ አሜባ ነበር፣ በራሱ ጊዜ ወጣላት ባይ ነው። በየዓመት በዓሉ ሁሉም እጁን ታጥቦ ገበታ ሲቀርብ ክርክሩ እንደ አዲስ ይነሳል። እኔ መሀላቸው ድኜ፣ ወፍሬ፣ ጥሩ ጥሩውን እየመረጥኩ እበላለሁ። እስካሁን ግን አንድም ሰው ዞር ብሎ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለኝ የለም።

ስለዚህ ልጽፈው ተነሳሁ። አሁን እንጅባራ የራሴን ቤት ተከራይቻለሁ፤ በሩን ዘግቼ ስጽፍ መሀል ገብቶ የሚያርመኝ የለም።

ነገሩ የሆነው ዳንግላ፣ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የታመምኩበትን ምክንያት ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ፤ የቀረው ሁሉ ይህ ሳይጠየቅ የተደከመ ድካም ነውና። አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ሞተችብኝ። ሌላ ምክንያት የለም። ቡዳ አልበላኝም፣ ታይፎይድ አልነበረብኝም፣ ፍቅርም አልያዘኝም።

አያቶቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ቆላ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እሷ ለትምህርት ወደ ከተማ ወጥታ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር የምትኖረው። ሙስሊም ናት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጾሟና ጾሜ ገጥሞ ነበር። በምሳ ሰዓት ሌላው ልጅ ሁሉ ሊበላ ሲወጣ እኛ ዴስኩ ላይ ተደፍተን የማን ጾም እንደሚከብድ እንጨቃጨቃለን። «ያንቺ እኮ ጾም አይደለም፣ ምግብ ማማረጥ ነው» ትለኛለች። «ያንቺስ? ሌሊቱን ሥጋ ሲበሉ አድሮ ቀን ማንቀላፋት ጾም ሆኖ ነው?» እላታለሁ። ረኃባችንን የምንረሳው በሳቅ ነበር።

በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ቤተሰቦቿ ወረደች። ወባ ያዛት። ወደ ሕክምና ሲያመጧት መንገድ ላይ ሞተች። በዚያው ቀን ቀበሯት፤ ሥርዓታቸው ነው። እኛ የሰማነው ትምህርት ሲከፈት ነው። የክፍል ኃላፊያችን ገብቶ ነገረን፣ አስነሳን፣ ትንሽ ዝም ብለን ቆምን፣ ከዚያ «ተቀመጡ» አለ። ስንቀመጥ እኔ ብቻዬን ዴስኩን ይዤ አየኝና «ቦታ አታባክኑ» ብሎ ከኋላ ሌላ ልጅ አንስቶ አጠገቤ አስቀመጠ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። እስካሁን ሳገኛት ግን ሰላምታዬ ቀዝቀዝ ይላል።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ያች ቆለኛዋ? ያች ሳቂታዋ? ወይኔ ልጄን! የእናቷን አንጀት ያጥናው» አለች። ከልቧ ነው ያዘነችው፤ እንባዋ ሁሉ የሽንኩርቱ አልነበረም። ለቅሶ ልሂድ አልኳት። ቢላዋውን አቆመች።

«ወዴት? ቆላ ድረስ? ምንሽ ናትና?»

በክፋት አይደለም እንዲህ ያለችው። እኛ ዘንድ ለቅሶ ልክ አለው። እህት ስትሞት፣ አክስት ስትሞት፣ የክርስትና እናት፣ ጎረቤት፣ የእድር አባል ስትሞት ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን እንጀራ እንደሚያመጣ፣ ማን ደረት እንደሚመታ ሁሉም ያውቀዋል። የዴስክ ጓደኛ ግን የትም ቦታ ላይ የለችም። ከተማው ውስጥ ሄጄ የማለቅስበት ቤት እንኳ አልነበራትም፤ አከራይዋ ክፍሉን ወዲያው ለሌላ ተማሪ ሰጥታዋለች። እርሜን የማወጣበት ደጅ ስላጣሁ ሳላለቅስ ቀረሁ።

ልቅሶው ሲቀር ሌላውም አብሮ ቀረ። መብላት ተውኩ። መናገር ተውኩ። ጸጉሬን መሠራት ተውኩ። ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ እቀመጥና እዚያው እውላለሁ። መሞት አልፈለግሁም፤ መነሳት ነው ያልፈለግሁት።

አባቴ ጋሪ ነጂ ነው። ፈረሱ ጆሮውን ከጣለ «ዛሬ ከፍቶታል» ብሎ ግማሽ ቀን ሥራ ይፈታለታል፣ ገብስ ይጨምርለታል፣ አንገቱን እያሻሸ ያጫውተዋል። እኔን ግን ባየኝ ቁጥር «ይህች ልጅ ጨጓራ ይዟታል» ከማለት አያልፍም። በፈረሱ እቀና ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሪው ላይ አስቀመጡኝና ጤና ጣቢያ ሄድን።

ያየኝ ጤና መኮንን ወጣት ነው። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም ማረሙ ታክቶት ትቶታል። ስለ አእምሮ ሕመም ሥልጠና ወስዶ የመጣው በዚያው ሰሞን እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አባቴ አለንጋውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«እንዴት ናት?» አለ ጤና መኮንኑ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» አለች እናቴ።

«ታዲያ ምን ሆና መጣችሁ?»

«አትበላ፣ አትጠጣ፣ አትናገር።»

ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ እንቅልፍስ እንዴት ነው?»

«ትተኛለች፣ ምን አለባት» አለች እናቴ።

«እሷ ብትነግረኝ ነው የሚሻል፣ እናት።»

«አትናገርም አልኩዎት እኮ!»

እውነቷን ነው። ሰውየው ግን ሥራውን የሚያውቅ ነበር። ብቻዬን ሊያናግረኝ ፈልጎ «እስቲ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አላት። እናቴ ወንበሯን ወደ እኔ ጠጋ አደረገችና «ከእናት የሚደበቅ ምን አለ?» ብላ ተደላደለች። እሱም ተሸንፎ ጥያቄውን ቀጠለ። «በቅርቡ የደረሰባት ሐዘን አለ? ድንጋጤ?»

ይኸው መጣ፣ አሁን ትነግረዋለች አልኩ።

እናቴ አማተበች። «ኧረ የለም! ቤታችን ሰላም ነው፣ ክፉ አይንካን።»

ከቤታችን የሞተ የለማ። ደግሞም በማያውቁት ሰው ፊት ክፉ ነገር አይነሳም። እኔ ራሴ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን «ምንሽ ናት?» ብሎ ቢጠይቀኝስ ምን እመልሳለሁ ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

«ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ሲለኝ እናቴ «በስመ አብ ወወልድ!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች፤ የአባቴም አለንጋ ከእጁ ወደቀ። እኔ ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝሁ።

«ድባቴ ይባላል» አለ ጤና መኮንኑ።

«ከምንድን ነው የሚመጣ?»

«ከብዙ ነገር።»

አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገለጠ፣ አነበበ፣ ዘጋው፣ እንደገና ገለጠው። በእኔ ዕድሜ ላለ ልጅ ይህን መድኃኒት እሱ መጀመር እንደሌለበት፣ ባሕር ዳር ሄጄ ስፔሻሊስት ቢያየኝ እንደሚሻል ነገራቸው። አባቴ በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን እንደሚዘጋ አስታወሰው። ጤና መኮንኑ ግንባሩን አሻሸ። ልስጣት ወይስ ባዶ እጇን ልመልሳት እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት ፊቱ ላይ አየሁት፤ የኔ ነገር ቀርቶ እሱ አሳዘነኝ። በመጨረሻ መንገድ እስኪከፈት ብሎ አዘዘልኝ። በየሳምንቱ እንድመለስ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ እንዳያነሱ፣ ከባሰብኝ ወይም ስለ ሞት ካወራሁ በዚያችው ሰዓት እንዲያመጡኝ ደጋግሞ ነገራቸው።

«መርፌ የለውም?» አለ አባቴ።

«የለውም።»

«ግሉኮስስ?»

«የሚዋጥ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ፣ ሳይከፈት፣ ከቁርስ በኋላ። ለውጡ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ታገሱ።»

አባቴ በመስኮቱ ወደ ፈረሱ አየ። «ይኸን የእንስሳት ሐኪሙ አንዴ ወግቶት በዚያው ቀን ነው ጋሪ የጎተተ» አለ። ጤና መኮንኑ የካፕሱሉን እሽግ አቀበለው።

ካፕሱሉ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ፣ ዓይን የሚስብ ነገር ነበር። ችግሩ ጊዜው ነው። ሁዳዴ ገብቷል። በሁዳዴ እኛ ቤት ቁርስ የሚባል የለም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀመስም። እኔ እንደሆነ ቁርስም ምሳም ትቻለሁ፤ እናቴ ግን የእኔን አለመብላት ጾም ብላ ልትቆጥረው አልፈለገችም፤ ጾም ማለት እየፈለጉ መተው ነው። ትእዛዙን ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ ጠዋትን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወረችው። «ለመድኃኒቱ ምኑ ነው? ሰዓት አያይ» አለች።

እዚህ ላይ ነገሩ ባለቀ ነበር። ግን የአክስቴ ልጅ መጣ። ፋርማሲ ይማራል፤ ገና አንደኛ ዓመት ነው። አንደኛ ዓመት ደግሞ የሰማውን ሳይናገር አያድርም። ካፕሱሉን በሁለት ጣቱ ወደ ብርሃን አንስቶ «ልባሱ ጄላቲን ነው» አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቴ።

«ከከብት አጥንትና ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ።»

«ሥጋ ነው በለኛ!»

«ሥጋ ሳይሆን...»

«ከከብት ነው አላልክም? በሁዳዴ! ለልጄ!»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእኔ ነገር ተረስቶ የካፕሱሉ ነገር ተጀመረ። እናቴ ካፕሱሉን ከፍታ ዱቄቱን በተልባ በጠበጠችው። ልባሱ እጇ ላይ ቀረ። እንዳትጥለው መድኃኒት ነው፣ እንዳትሰጠኝ ፍስክ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ከታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና «ለፋሲካ ይቆይልሽ» አለችኝ። ከዶሮው ጋር ልትሰጠኝ ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ ዶክተሩ ሳይከፈት ይዋጥ አላለም ወይ፣ ከተከፈተ ጉልበቱ ይተናል ብሎ ተልባውን ወስዶ ደጅ ደፋው። የመጀመሪያውን ካፕሱል የጠጣው የግቢያችን አፈር ነው።

እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሆኜ ብርጭቆውን አያለሁ። የዴስክ ጓደኛዬ አንዲት የወባ ኪኒን በጊዜዋ ብታገኝ ትተርፍ ነበር። ለእኔ ግን ሙሉ እሽግ ተሰጥቶኝ ልባሱ ለበዓል ይቀመጥልኛል። ይህን ሳስብ ከጉሮሮዬ ምንም ነገር እንደማይወርድ አወቅሁ፤ ተልባውም ሳይደፋ ቢቀርብልኝ አልጠጣውም ነበር።

በማግስቱ የንስሐ አባታችን ተጠሩ። ነገሩን ሰምተው ሳይውሉ ሳያድሩ ፈረዱ። «ለታመመ ሰው ጾም የለበትም። ትብላ፣ ትጠጣ፣ መድኃኒቷንም ትዋጥ።»

እናቴ እፎይ ብላ መስቀል ተሳለመች። አባ ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው «የታመመችው የት ናት?» አሉ።

«ይህችው ናት፣ አባ።»

«ይህች?» ግንባሬን በመዳፋቸው ነኩት፤ ትኩሳት የለም። ምላስሽን አውጪ አሉኝ፤ አወጣሁ። «ልጂቱማ ደህና ናት» አሉ። «ደህና ከሆነች ደግሞ በሁዳዴ ፍስክ አይገባም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ከታመመች ትዋጥ። ካልታመመች ትጹም።»

«ታማለች ወይስ አልታመመችም?»

«እሱን ሐኪሙ ነው የሚያውቅ።»

አባቴ ፈረሱን ጠምዶ ጤና ጣቢያ በረረ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ጤና መኮንኑን ያገኘው በመስኮት ነው። ይዞት የተመለሰው መልስ «ታማለች፣ ግን በሽታው አይታይም» የሚል ነበር። አባ ይህን ሲሰሙ ጥቂት አሰቡ። «የማይታይ በሽታ እንግዲህ ጠበል ነው የሚፈልግ» አሉ። እናቴ በጀሪካን ጠበል አስመጣች፤ በዚያ ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ተጠመቅሁ፣ ጠጣሁም። ካፕሱሉ ግን አልተፈረደበትም፤ መታመሜ ይረጋገጥ ተባለ።

እናቴ መላ አታጣም። በሽታው የማይታይ ከሆነ እንዲታይ ታደርገዋለች። አልጋ ላይ አጋደመችኝ፣ ራሴን በሻሽ ጠፍራ አሰረችው፣ ጋቢ አለበሰችኝ፣ መስኮቱን ዘጋች። ከዚያ ለጎረቤት «ልጄ ተኝታብኛለች» ብላ ወሬውን ለቀቀችው። ታማሚ ሳይጠይቅ የሚቀር ጎረቤት የለንም፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ።

ሴቶቹ በየተራ እየገቡ ጎንበስ ብለው ያዩኛል። «የት ላይ ነው የሚያምሽ፣ አካሌ?» ይሉኛል። የት ላይ ብዬ ላሳያቸው? «ታይፎይድ ናት» አለች አንዷ። «ታይፎይድና ታይፈስ ባንድ ላይ ነው፣ የኔንም ልጅ እንዲህ ነው ያደረገው» አለች ሌላዋ። ሦስተኛዋ ጸጉሬን ነካ አድርጋ «ዓይን ነው» አለች፤ ሳይሠራ የከረመ ጸጉሬን ማን እንደተመኘው እግዜር ይወቅ። የአክስቴ ልጅ በሩ ላይ ሆኖ ስለ አሜባ ያስረዳል።

ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ረጅሙ አግዳሚ ላይ ከአባ ጋር ተደርድረው ፍርዱን ይዘዋል። ድምፃቸው በግድግዳው ያልፋል።

«ዳዊት የሚደገመው ብራና ላይ አይደል? ብራናስ ቆዳ አይደለም?»

«ይደገማል እንጂ ማን ዋጠው?»

«ከበሮም ቆዳ ነው።»

«ለዚህ ነዋ በሁዳዴ የማይመታ!»

አባ ለዚህ አይደለም ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ማን ሰምቷቸው። አንዱ የቆዳ ጫማውን አውልቆ አግዳሚው ሥር ደበቀ። በመሀል አባቴ «ፈረሴ ዓምና አብሮት የሚያድረውን በቅሎ ስሸጥበት ገለባ አልነካም ብሎኝ ነበር» አለ። ሁሉም ወይ ጉድ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ወደ ካፕሱሉ ተመለሱ። እኔ ጋቢዬ ውስጥ ሆኜ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ተናድጄ አላውቅም።

እንግዲህ ግቢያችንን ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ ሰው አስቡት። ወንዶች ጋቢ ለብሰው ተደርድረዋል። ቄስ መሀላቸው አሉ። ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በሹክሹክታ ይገባሉ ይወጣሉ። ፈረሱ ከጋሪው ተፈትቶ ቆሟል። እናቴ ዓይኗ ቀልቷል። ለቅሶ ቤት ለመምሰል የጎደለን ሬሳ ብቻ ነበር።

አንዲት አሮጊት ከገበያ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በደጃችን አለፉ። ከከተማው ወጣ ካለ ገጠር የመጡ ናቸው፣ ማናችንም አናውቃቸውም፣ እሳቸውም አያውቁንም። ግን የለቅሶ ቤት በር ደርሶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው እኛ አገር የለም። ዘንቢላቸውን አጥሩ ሥር አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው በአዊኛ እያለቀሱ ገቡ።

ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። አባቴ ጥሊሊ ያለውን ወንድሙን መርዶ ያመጡ መስሎት «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እናቴ ደግሞ አዲስ ቅዳም ያለች፣ ከሰል የምታከስለው እህቷ መሰለቻት። «ከሰሉ ነው! ጭሱ ነው የፈጃት! ተይ ብያት ነበር!» እያለች ደረቷን መታች። የቤቱ ባለቤቶች ሲያለቅሱ ያዩ ጎረቤቶች አለቀሱ። ማን ነው የሞተው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ የሚጣራው ኋላ ነው። አባ ተነስተው መስቀላቸውን አወጡ፤ ለማን እንደሚጸልዩ ግራ ገብቷቸው ወዲያ ወዲህ ያያሉ። ብዙም ሳይቆይ የእድር ጎረምሶች ድንኳን ተሸክመው ደረሱና «የት እንትከለው?» አሉ። ማን እንደጠራቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሚመልስላቸው ሲያጡ በራሳቸው ጊዜ አግዳሚው ላይ ተከሉት።

አሮጊቷ ሥርዓቱን ያውቃሉ። ወንዶቹን አልፈው ዋናዋን ሐዘንተኛ ፍለጋ ወደ ውስጥ ገቡ። ራሷን አስራ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ከሰው ሁሉ በላይ የተጎዳች ሆና ያገኙት እኔን ነው። ከአልጋዬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና ሁለቱንም እጆቼን ያዙ። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነበር።

«እግዜር ያጥናሽ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ማን ሞተብሽ?»

ምንሽን ነው የሚያምሽ ያላለኝ ሰው አልነበረም። ማን ሞተብሽ ያለኝ ግን የለም።

«አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ» አልኳቸው። ብዙ ጊዜ ያልተናገርኩበት ድምፄ ሻክሮ ወጣ።

ምንሽ ናት አላሉኝም። «ወይኔ! ጎንሽን!» አሉና ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ሙሾ አውራጅ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብለው ምን ዓይነት ልጅ እንደነበረች ጠየቁኝ፤ ሰው የሚለቀስለት በምግባሩ ነውና። ነገርኳቸው። ሳቂታ እንደነበረች፣ ከቆላ ስትመጣ ሰሊጥ በኪሷ ይዛልኝ እንደምትመጣ፣ ጾሜን እንደምትሰድበው። እሳቸው እየተቀበሉ በአዊኛ ያወርዱታል፣ መልሰው በአማርኛ ይጠይቁኛል። ሰሊጡ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አጥብቄ ያዝኩ። ጮክ ብዬ፣ አፌን ሳልሸፍን፣ ንፍጤ እየወረደ አለቀስኩ። እናቴ የእህቷን ልቅሶ አቋርጣ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

አንዷ ጎረቤት ለለቅሶ ቤት ብላ ንፍሮ በሳህን ይዛ ገብታ ነበር። ባቄላና ስንዴ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን እናቴ ሰው ሳይሞት ንፍሮ ታስገቢብኛለሽ ብላ ከነሳህኑ ትወረውረው ነበር። እኔ ግን እያለቀስኩ እጄን ሰድጄ ዘገንኩ። ደግሜ ዘገንኩ። ጉሮሮዬ አልመለሰውም።

ስለ መድኃኒቱ ለምታስቡ እዚህ ላይ ልንገራችሁ። በሳምንቱ ቀጠሮ ጤና ጣቢያ ስንሄድ እናቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት እኔ ተናገርኩ። ጤና መኮንኑ ብዕሩን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። እስካሁን ስንቱን እንደዋጥኩ ሲጠይቅ እናቴ ስለ ተልባው፣ ስለ ግቢው አፈርና ስለ ብርጭቆው አስረዳችው። ጤና መኮንኑ ብዕሩን መልሶ አንስቶ ትእዛዙን ሰረዘ። ከዚያ ለጊዜው መድኃኒቱ ይቆይ፣ አንቺ ግን በየሳምንቱ እየመጣሽ እናውራ፣ ካልተሻለሽ መንገዱ ሲከፈት ባሕር ዳር እልክሻለሁ አለኝ። መድኃኒቱን የምጠላው አይምሰላችሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ካደገች በኋላ ወስዳዋለች፤ ሕይወቷን ነው የመለሰላት። የእኔ ተራ ግን መጀመሪያ የልቅሶ ነበር። የፋሲካ ዕለት እናቴ ብርጭቆውን ከመደርደሪያው አውርዳ «በይ እንግዲህ ጾሙ ተፈቷል» ስትለኝ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ጓደኛዬ ብትሰማው ደግሞ ከዴስኩ ላይ ትወድቅ ነበር።

ወደዚያ ከሰዓት ልመለስ። አባቴ ውጭ ሆኖ ኔትወርክ እየፈለገ ወንድሙ ጋ ይደውላል። «ሃሎ? አልሞትክም?» ሲል ይሰማል። «ምንም አልሆንክም? እርግጠኛ ነህ? እንጃ እኛ እያለቀስንልህ ነበር!» ከዚያ ስልኩን እንደያዘ ወደ ውስጥ ገባና እኔን አየኝ። እናቴ በጆሮው ነገረችው። ወንድሙ በሕይወት እንዳለ በገዛ ጆሮው ሰምቷል፤ እንባው ግን አልቆመም። አልጋዬ አጠገብ መጣና፣ ፈረሱን እንደሚያደርገው፣ አንገቴን አሻሸኝ።

ጎረምሶቹ በሩ ላይ መጥተው «የሞተ ሰው የለም አሉን፤ ድንኳኑን እንንቀለው?» አሉት።

«ተዉት» አለ አባቴ። «አለ።»

አሮጊቷ መንገዳቸው ሩቅ ስለነበር ዘንቢላቸውን አንስተው ሄዱ። ቤት መሳሳታቸውን የነገራቸው የለም። እናቴ ከአልጋዬ ሥር ሰሌን አነጠፈች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ መልሳ ለበሰችው፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ከዚያ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች። ሰው አንድ ሁለት እያለ እንደገና ይገባ ጀመር፤ አሁን በሹክሹክታ አይደለም።

ከታችኛው ሠፈር ዘግይታ የመጣች አንዲት ሴት ትንሽ ካለቀሰች በኋላ ወደ እናቴ ጠጋ ብላ ማን እንደሞተ ጠየቀቻት።

«ልጅ ናት» አለች እናቴ። «የቆላ ልጅ፣ ተማሪ።»

«ወይኔ! ምንሽ ናት?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ለሴትየዋ ሰሌኑ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

«የኛ ናት» አለቻት።